ሞተር ላይ ማርጀት

ሰባ ልደፍን ጥቂት ነው የቀረኝ። ዛሬም ሞተር እነዳለሁ። እዚህ ቢሾፍቱ ገበያ የምሄደው፣ ለቅሶ የምደርሰው፣ የእድር ስብሰባ የምገኘው በሞተር ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚኖር ገበሬ ወዳጄ "ላሜ መኖ እምቢ አለችኝ" ብሎ ሲደውልም ቁልፌን አንስቼ እወጣለሁ።

የሚያየኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ መቼ ነው የምትተወው? ትልቋ ልጄ በደወለች ቁጥር "አባዬ፣ አሁንስ አይበቃህም?" ትለኛለች። የእድራችን ዳኛ ጠይቀውኛል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚያዝልኝ ሐኪምም ጠይቆኛል። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚጠይቁት። ከጥያቄው ሥር ግን አንድ እምነት አለ፤ ሞተር የወጣት ነገር ነው፣ ፀጉር ሲሸብት የሚተው ነገር ነው የሚል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ዕድሜ ሲገፋ አነዳዱ ይቀየራል። ሰዓቱ ይቀየራል፣ መንገዱ ይቀየራል፣ ሞተሯ ራሷም ትቀየራለች። ማቆሚያ ቀን እንዳለ አውቃለሁ። ያንን ቀን ግን የልደት ወረቀት አይወስነውም። ምን እንደሚወስነው ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ከየት እንደተነሳሁ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ለምን እንደማልተዋት አይገባችሁም።

ያደግኩት አሰላ አካባቢ ነው። በ1960ዎቹ እዚያ የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነበር፤ መንግሥት ከስዊድን ጋር ያቋቋመው፣ ሰው ሁሉ "ካዱ" የሚለው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ የተዳቀለ ላም የሚባል ነገር እኛ ሰፈር የደረሰው በእነሱ ነው። ወደ ቀበሌያችን በመኪና የሚመጡም በሞተር የሚመጡም ሠራተኞች ነበሩ። ልጅ ሆኜ ልዩነታቸውን አይ ነበር። በመኪና የመጣ እንግዳ ወንበር ይፈለግለታል፤ አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ይቆማል፤ ንግግሩ ሁሉ "እሺ ጌታዬ" ነው። በሞተር የመጣው ግን አቧራውን አራግፎ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ፊቱ እንደኛ ፊት አፈር ለብሷል። እናቴ ውሃ ታመጣለታለች፣ ከዚያ ቆሎ ይቀርባል፣ ከዚያ አባቴ እውነቱን ይነግረዋል፤ ዘሩ እንዳልበቀለ፣ ማዳበሪያው ዘግይቶ እንደመጣ፣ ዕዳው እንደከበደው። መንዳት የተመኘሁት ያኔ ነው። ፍጥነቱን አላየሁም። ያየሁት አባቴ ከዚያ ሰው ጋር ሲያወራ እንዴት እንደሚፈታ ነው።

ደብረ ዘይት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኜ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሌ ተመደብኩ። መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ያማሃ ኤጂ 100 ነበረች። የዛሬ ልጆች አያውቋትም። ለገበሬና ለገጠር ሠራተኛ ተብላ የተሠራች ናት። ሰንሰለቷ ከጭቃ እንዲጠበቅ ሙሉ በሙሉ በሽፋን ውስጥ ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት። መቆሚያዋ በሁለቱም ጎን ነው፤ መሬቱ ወዴትም ቢያዘነብል ታቆማታለህ። አትሮጥም። አታምርም። ግን ተሸክማ ትደርሳለች። እኔ ለሞተር ያለኝ መለኪያ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይኸው ነው፤ ተሸክማ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም።

የምንሸከመው ደግሞ ክትባት ነው። በዚያ ዘመን ዋናው ጠላታችን "ደስታ" የሚባለው የቀንድ ከብት በሽታ ነበር። አያቶቻችን "ክፉ ቀን" የሚሉት፣ በምኒልክ ዘመን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን ያራቆተው ረሃብ፣ አንዱ ምክንያቱ ይህ በሽታ ነው። በሬው ሁሉ አለቀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ እህል የለም። እኔ ስጀምር ክትባቱ ከተገኘ ቆይቷል። አንዴ በደንብ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን አይያዝም። ችግሩ ክትባቱ ሙቀት አለመውደዱ ነው። ከበረዶ ከወጣ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራው በአንድ በኩል የሕክምና ነው፤ በሌላ በኩል በረዶው ሳይቀልጥ ከብቱ ጋር የመድረስ ሩጫ ነው። የበረዶ ሣጥኗን ኋላ መጫኛ ላይ በጎማ ገመድ ጥርቅም አድርጌ አስራለሁ፣ ከላይ ጋቢ እደርብባታለሁ፣ እወጣለሁ።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው አሁን ምን ልል እንደሆነ ገብቶታል። ጎባ ራሷ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሳነቴ አምባ ላይ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ። አጠገብህ ቱሉ ዲምቱ አለ፣ 4,377 ሜትር። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር በአንድ ሦስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሰው እንደሚያለከልከው ኢንጅንም ያለከልካል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው አድርጎ ይሰጣል። አየር ሲያንስ ቤንዚን ይበዛል። እሳት የሚፈነጥቀው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል። ሞተሯ ታስላለች፣ ትንፏቀቃለች፣ በሁለተኛ ማርሽ የምትወጣውን በአንደኛም ታቃስታለች።

መፍትሔው ትንሽ የነሐስ ቡሎን ናት። ካርቡራቶሩ ሥር ገብታ ቤንዚኑን በቀጭን ቀዳዳዋ የምታሳልፍ። ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችውን በወረቀት ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ እይዛለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ እቆማለሁ። ነፋሱ ጣት ያደርቃል። ጓንት አውልቄ፣ ሰፊዋን በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ጠባቧን አስገባለሁ። ያቺ ቡሎን ከጣት ጫፍ ካመለጠች ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል ሥር፣ ሣሩ ውስጥ ገብታ አትገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ጋቢውን ከሞተሯ ሥር አነጥፋለሁ። ካንዴላውን ነቅዬ በሽቦ ብሩሽ እጠርጋለሁ። ረግጬ ሳስነሳት ድምፅዋ ይጠራል። ሰማያዊው ጭስ ይቀንሳል። አንዳንዴ ቀና ስል ቀይ ቀበሮ ራቅ ብሎ አይጥ ያደባል፤ ለእኔ ዞር ብሎም አያይም።

ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ ሞተረኛ ግን ቁልቁለቱን ነው የሚፈራው። ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን መውረድ ማለት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከጅብራ ወደ ቡና ጥላ መግባት ነው። የኤጂ 100 ኢንጅን ቱ ስትሮክ ነው፤ ውስጡን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚገባው። ጋዝ ዘግተህ ረጅም ቁልቁለት ከወረድክ ኢንጅኑ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ዘይት ግን እምብዛም አይደርሰውም። ፒስተኑ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፤ የኋላ ጎማህ ድንገት ይቆለፋል። ስለዚህ በየመሐሉ ፍሪሲዮን ጨብጠህ ጋዝ ሰጥ ታደርጋለህ። ቩም፣ ዝም። ቩም፣ ዝም። ይህን ያስተማረኝ ጎባ የነበረ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው። "ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ አጠጣት" ነበር ያለኝ። ዛሬም ዘይቷ ለብቻው የሆነ ባለ ፎር ስትሮክ ሞተር ይዤ፣ ምንም ሳያስፈልግ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቀኝ እጄ በራሱ ይንቀሳቀሳል።

ደሎ መና ስደርስ ከብቱ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። አርብቶ አደሩ ቅርንጫፍ ቆርጦ በረት ሠርቷል። መጀመሪያ ሣጥኑን ከፍቼ በረዶውን አሳያለሁ። ይህን ማንም አላዘዘኝም። ያልቀለጠውን በረዶ ሲነኩ ግን ይስቃሉ፣ ያምኑኛልም። ሕፃናቱ የበረዶውን ስባሪ ይሻማሉ። በዚያ ሙቀት በረዶ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፊት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ፣ ያየ ብቻ ነው። ኋላ ላይ ሙቀት የሚቋቋም፣ ለሳምንታት ያለ በረዶ የሚቆይ ክትባት መጣና ሩጫው ቀለለ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ ጠፋ ብሎ አወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ዜናውን የሰማሁት ቢሾፍቱ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ክትባቱን የፈጠሩት ሳይንቲስቶች ምስጋና ይገባቸዋል። እኔ ያን ዕለት ያሰብኩት ግን ያቺን ኤጂ 100 ነው። እሷንና መሰሎቿን፤ በቅሎዎቹንም ጭምር። መኪና በማይደርስበት ቦታ በረዶውን ያደረሱት እነሱ ናቸው።

የራሴ የሆነችው የመጀመሪያዋ ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ናት። አንድ መሥሪያ ቤት ያገለገሉ ንብረቶች በጨረታ ሲሸጥ ገዛኋት። ሊብሬው በስሜ የዞረ ቀን ወረቀቱን ለባለቤቴ አሳየኋት። "ቤት መቼ ነው የምንሠራው?" አለችኝ። ትክክል ነበረች። ቢሆንም በማግሥቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ኋላዬ ተቀምጣ ከሮቤ ጎባ ገበያ ሄድን። ስትመለስ እቅፏ ውስጥ ሁለት ዶሮ ነበር። ከዚያ በኋላ የትም አብረን ነው። አንደኛዋን ልጃችንን ለመውለድ ጤና ጣቢያ የሄደችውም በዚያች ሞተር ነው፤ በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ እህቷ በእግሯ አጠገባችን እየተራመደች።

ኋላ የተቀመጠ ሰው ሞተር ላይ ብዙ ነገር ይወስናል። ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ታዘነብላለች። ኩርባ ሲመጣ ትከሻዬ ላይ ያለው እጇ ከበድ ይላል፤ ፍጥነቱ በዛ ማለት ነው። አንድም ቀን "ቀስ በል" ብላኝ አታውቅም። እጇ ይናገራል።

በ1990ዎቹ ሥራዬ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ያ ዘመን ብዙም የሚነገር የለውም። ጭስ፣ ሚኒባስ፣ ፍርግርግ የሌለው ጉድጓድ። ሞተሮቹ ተቀያየሩ፤ ዲቲዋ ተሸጠች፣ መለዋወጫዋ የማይገኝ አንዲት ሆንዳ ገብታ ወጣች፣ በመጨረሻም የሕንድ ቦክሰር 150 መጣች፣ እስከ ዛሬ ያለችው። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል እኔ ጡረታ ወጥቼ ወደ ቢሾፍቱ ተመልሼ ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። በሞተር እየመጡ ቦርሳና ስልክ የሚነጥቁ ነበሩ። የሴት ልጅ የጆሮ ጌጥ ከነጆሮዋ የተቀደደበትን ጉዳይ በቅርብ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ልቤ አዘነ። ዳቦ የሚያደርስ ልጅ፣ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ፣ በሞተሩ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተረኛ ሲታይ መጀመሪያ ጥርጣሬ ነው የሚመጣው። ሄልሜት ያደረገ ሰው ፊቱ አይታይም፤ ስለዚህ ሱቅ በር ላይ ስደርስ ቶሎ ብዬ አወልቀዋለሁ። ሽበቴን ሲያዩ ይረጋጋሉ።

አሁን ወደ እርጅናው ልምጣ።

ስድሳን ካለፍኩ በኋላ ወድቄ አውቃለሁ። ጠዋት ነው፣ ፍጥነትም የለም። ውሻ ከአጥር ዘሎ የፊት ጎማ ውስጥ ገባ። ከአንገት ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንቴ ተሰበረ። ጎረቤት ሁሉ "ወጌሻ ይምጣ" አለ። ባለቤቴ "መጀመሪያ ራጅ" ብላ ድርቅ አለች። ራጁ ተነሳ፣ ክንዴ ታሰረ፣ ተቀመጥኩ። በሠላሳ ዓመቴም ወድቄ እጄ ተሰብሮ ያውቃል፤ ያኔ ብዙም ሳልቆይ ሥራ ገባሁ። የአሁኑ ግን አልድን አለኝ። አጥንቱ ከገጠመ በኋላም ትከሻው አልፈታ አለ። እጄን ወደ ኋላ መውሰድ፣ ሸሚዝ መልበስ፣ ሁሉም ሥራ ሆነ። ወጣትም አረጋዊም ይወድቃል፤ አረጋዊ ሲወድቅ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ያንን ተቀምጬ ሳስብ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ሞተሯን መሸጥ፣ ወይም አነዳዴን ከሥሩ መቀየር። ሁለተኛውን መረጥኩ። ምን እንደቀየርኩ በደንብ እነግራችኋለሁ፤ በአገራችን ስለዚህ የሚጽፍ ሰው አላየሁምና።

መጀመሪያ ማታን ተውኩ። የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ ከሚገባው አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነው። ብሌኑ ይጠብባል፣ የዓይን ሌንስ ይደበዝዛል። በዚህ ላይ የድሮው የአዳማ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ሙሉ መብራት ሲረጭብህ፣ ካለፈም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ምንም አታይም። በእነዚያ ሰከንዶች አህያ ልትቆም ትችላለች፣ ጋሪ ያለ መብራት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቴ ነኝ። ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን። መሸብኝ ካልኩ ሞተሯን እዚያው አሳድሬ በባጃጅ እመለሳለሁ።

ፍጥነቱ ደግሞ ቀላል ሒሳብ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለህ። ወጣቱ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ እኔ ግማሽ ሰከንድ ብዘገይ፣ ያ ግማሽ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ጣቴን አላፈጥነውም። ፍጥነቱን ግን እቀንሳለሁ፣ ከፊቴ ያለውን ክፍት ቦታ አሰፋለሁ። ወጣቶቹ በግራ በቀኝ ያልፉኛል። "ፋዘር፣ ዳር ያዝ!" ይሉኛል። እይዛለሁ።

የፊት ፍሬን ላይ እምነት ያለው ሰው በአገራችን ጥቂት ነው። "የፊት ፍሬን ይገለብጣል" እየተባለ ስላደግን ሁሉም የኋላውን ይረግጣል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ከፊት ነው። አስፋልት ላይ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ቀስ እያሉ አጥብቆ መጨበጥ ነው። ኮረኮንች ላይና ኩርባ ላይ ግን መጠንቀቅ። ይህን ባዶ ሜዳ ላይ አሁንም እለማመዳለሁ። ዕድሜ ሲገፋ ልምድ ብቻውን አይበቃም፤ ልምምድም ያስፈልጋል።

ሄልሜት ላይ ድርድር የለኝም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ አንድ የታወቀ ግምገማ፣ ሄልሜት ሞተረኛ አደጋ ሲደርስበት የመሞት ዕድሉን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ከተማችን ውስጥ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የሚነዳ ልጅ ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ኋላ የተቀመጠችው እናትና እቅፏ ውስጥ ያለው ሕፃን ደግሞ ጭራሽ የላቸውም። አንዳንዱን አስቁሜ እናገራለሁ። የሚቆጣ አለ፤ የሚሰማም አለ። ከሚሰሙት አንዱ ሰፈራችን ያለው ወጣት መካኒክ ነው። "ጋሼ፣ እርስዎ ሲናገሩኝ አባቴ የተናገረኝ ነው የሚመስለኝ" ብሎ ለሚስቱ ሄልሜት ገዛ።

መድኃኒትም አለ። የደም ግፊት ኪኒን ስጀምር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብድግ ስል ያዞረኝ ነበር። ሐኪሙን "ሞተር እነዳለሁ" ብዬ በግልጽ ነገርኩት። ደንግጦ አየኝና የኪኒኑን ሰዓት ወደ ማታ አዞረልኝ። እስኪለምደኝ ድረስም አልነዳሁም። በኔ ዕድሜ ያላችሁ ሞተረኞች፣ እባካችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እሱ ካልነገርነው አይጠረጥርም። ሽማግሌ ሰው በሞተር እንደመጣ በምን ያውቃል?

አንገት ሌላው ነው። ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ከበደኝ። ሰፋ ያለ መስታወት አስገጠምኩ፣ ጠዋት ጠዋትም አንገቴን አፍታታለሁ። ከመነሳቴ በፊት ደግሞ ሞተሯን ዞር ብዬ አያለሁ። ሰንሰለቷን በጣቴ ወደ ላይ ገፋ አደርጋለሁ፤ ሁለት ጣት ያህል መላላት አለባት። ጎማዋን እጫናለሁ። የፍሬን ሸራውን አጎንብሼ አያለሁ። ማጎንበሱ ለእኔም ምርመራ ነው። ቀና ስል ካዞረኝ ያን ቀን አልወጣም።

አሁን ያ ጥያቄ። መቼ ነው የምትተወው? የእኔ መልስ ይኸው ነው። በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ጓሮ ሣሩ ላይ ሞተሯን በጎን አስተኛታለሁ። ከዚያ ብቻዬን አነሳታለሁ። ዘዴ አለው። ጀርባህን ሰጥተህ መቀመጫህን ወንበሯ ላይ ታሳርፋለህ፣ አንዱ እጅ መሪው ላይ፣ ሌላው የኋላ መጫኛው ላይ፣ ጉልበትህን አጥፈህ በእግርህ ኃይል ወደ ኋላ እየተራመድክ ታቆማታለህ። ወገብ አይሠራም፣ እግር ነው የሚሠራው። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። ማንሳት ያቃተኝ ዓመት ያቺ ሞተር ለእኔ ከብዳለች ማለት ነው። ያኔ ቀለል ወዳለች እወርዳለሁ። ቀላሏንም ማንሳት ሲያቅተኝ፣ ወይም የመንገዱን ማዶ ሰሌዳ ማንበብ ሲያቅተኝ፣ ቁልፉን ለልጄ እሰጣለሁ። ይህን ከልጄ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል። እሷም ከዚያ ወዲህ ጥያቄዋን ቀይራለች፤ "ዘንድሮስ አነሳሃት?" ነው የምትለኝ።

በዓለም ላይ ብቻዬን እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ የሞተር ባለቤቶች መካከለኛ ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ 32 ነበር፤ በ2018 ግን 50 ደርሷል። ጃፓን ውስጥም አዲስ ሞተር የሚገዛው ሰው አማካይ ዕድሜ ከ50 በላይ ነው። እዚያው ጃፓን የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ርዩታ ካዋሺማ መንዳት ያቆሙ ጎልማሶችን ለሁለት ወር በየቀኑ ሞተር አስነድቶ፣ የማስታወስና የማገናዘብ ፈተና ውጤታቸው እንደተሻሻለ ጽፏል። ጥናቱ ከያማሃ ጋር የተሠራ ነው፣ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ብዙ አልደገፍበትም። በራሴ ላይ የማየው ግን ይህንኑ ነው። ሞተር ላይ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሊሄድ አይችልም። ዓይንህ ኮረቱን ይለቅማል፣ ጆሮህ ከኋላ ያለውን መኪና ይለያል፣ ሁለት እጅህና ሁለት እግርህ የተለያየ ሥራ አላቸው። ጡረታ ከወጡ ጓደኞቼ ውስጥ ቤት የዋሉት ቶሎ ነው የደከሙት። ሞተር ግዙ አልላቸውም። ከቤት ውጡ ግን እላቸዋለሁ።

እኛ አገር ከአካል ይልቅ ሰውን ከሞተር የሚያወርደው ይሉኝታ ነው። ሞተር ወደ መኪና መሸጋገሪያ ተደርጋ ነው የምትታየው። ሽማግሌ ሆኖ ሞተር ላይ ያለ ሰው ሳይሳካለት የቀረ ይመስላቸዋል። "እርስዎን የሚያህል ሰው!" ብለው የሚያዝኑልኝ አሉ። እኔ ግን መኪና አጥቼ አይደለም ሞተር ላይ ያለሁት። ልጆቼ ሊገዙልኝ ጠይቀውኛል። መኪና ውስጥ ሆኜ ባለፍኩበት መንገድ ማን ያስቆመኛል? በሞተር ስሄድ ገበሬው ከማሳው እጁን ያነሳል። እቆማለሁ። ወሬው ከዝናቡ ይጀምርና ከብቱ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ስለ ልጁ፣ ከዚያ ስለ ታመመችው እናቱ። አባቴ ከዚያ አቧራ ከለበሰ ሰው ጋር ያወራ የነበረው ወሬ አሁን ለእኔ ነው የሚወራልኝ። ይህን በምን ልለውጠው?

ቦክሰሯን ባለፈው መስቀል አነሳኋት። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከበደችኝ። ስለዚህ የሚቀጥለውን እያሰብኩ ነው። እግር ወደ ላይ ሳይነሳ በመሐል አልፎ የሚቀመጡባት ዓይነት ብትሆን ደስ ይለኛል፤ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ሱፐር ካብን ሲያወጣ ይህን የገባው ይመስለኛል፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የተሠራችው ማንም ሰው፣ ቀሚስ የለበሰችም ሽማግሌም፣ ስለሚቀመጥባት ነው። ሌላው ምርጫ በኤሌክትሪክ የምትሠራው ናት። አሁን በየከተማው መታየት ጀምራለች። ፍሪሲዮን የላትም፤ የግራ ጣቶቼ ያመሰግኗታል። የቤንዚን ወረፋም ይቀራል። የማይመቸኝ ድምፅ አልባነቷ ነው። አህያና ሕፃን ድምፅ ሰምተው ነው ከመንገድ የሚወጡት። ባትሪዋም ከእኔ ቤት እስከ ወዳጄ ከብቶች ያለውን ዳገት ሁለት ሰው ጭና እንደምትወጣ ማየት አለብኝ።

አዳማ ያለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አንዷን ገዝቷል። ከበዓል በኋላ ሄጄ እሞክራታለሁ። ባለቤቴም አብራኝ ልትሄድ ተነስታለች። የኋላውን ወንበር እሷ ተቀምጣ ካላየችው አይገዛም፤ ይህንንም ተስማምተናል።